ከመጫናችሁ በፊት አስገምቱ፦ ሲሙሌሽን ይዞ ክፍል ለሚገባ መምህር

ፕላዝማን የምታስታውሱ አላችሁ? በ1997 ዓ.ም. ገደማ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ተሰቅሎ፣ ከሳተላይት እየተቀበለ በፈጣን እንግሊዝኛ ያስተምር የነበረውን ቴሌቪዥን ማለቴ ነው። ጥያቄ ይጠይቃል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ ልጁ ገና ደብተሩን ሲገልጥ መልሱን ይነግረዋል። አቁምልኝ አይባል፣ ድገምልኝ አይባል። የክፍሉ መምህርም ብዙ ጊዜ ከተማሪው እኩል ተመልካች ነበር።

አሁን ላፕቶፕና ፕሮጀክተር ያላቸው ትምህርት ቤቶች እየበዙ ነው። ኢንተርኔቱም ቢቆራረጥም አለ። ግን ብዙ ክፍል ውስጥ የሚሆነው ያው ፕላዝማ በሌላ ስም ነው፦ ቲቸር ቆንጆ ሲሙሌሽን (ሙከራን በኮምፒውተር አስመስሎ የሚያሳይ ፕሮግራም) ይከፍታል፣ ይጫናል፣ አምፖሉ ይበራል፣ ልጆቹ "ዋው!" ይላሉ፣ ይደወላል። በማግስቱ ብትጠይቋቸው አምፖሉ መብራቱን ይነግሯችኋል፤ ለምን እንደበራ ግን ወፍ የለም።

ስለዚህ ይሄን ሁሉ ለማንበብ ጊዜ ከሌላችሁ አንዷን ብቻ ያዙ፦ ተማሪው ግምቱን ወረቀት ላይ ሳያሰፍር አይጡን (ማውዙን) አትንኩ። የቀረው እሷን እንዴት እንደምታደርጓት ነው።

የቱን ልጠቀም?

መሣሪያው መዓት ነው፤ ሁሉን ለመሞከር የተነሳ አንዱንም አይለምድም። እኔ የምመክረው ለሳይንስ ፌትን፣ ለሒሳብ ጂኦጀብራን፣ መልስ ለመሰብሰብ ፕሊከርስን ነው። በቃ። እነዚህን ሦስቱን ስትጨርሱ ሌላውን ታያላችሁ።

ፌት የአሜሪካው ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ቦልደር ሥራ ነው። የጀመረው ካርል ዋይማን ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2001 በፊዚክስ ኖቤል ከተሸለሙት ሦስት ሰዎች አንዱ ነው፣ ፕሮጀክቱን ያቋቋመው በዓመቱ በ2002 ነው። የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪ፣ የሒሳብ፣ የባዮሎጂ ሲሙሌሽኖች አሉት፤ ድረ ገጹ ላይ በነፃ ይሠራሉ፣ ምዝገባም አይጠይቁም። ጎግል ላይ ስትፈልጉ አጻጻፉ ፒ፣ ኤች፣ ኢ፣ ቲ ነው። እያንዳንዱ ሲሙሌሽን የትርጉሞች ዝርዝር ስላለው የምትፈልጉት በአማርኛም ሆነ በሌላ የአገራችን ቋንቋ መኖር አለመኖሩን እዚያ ታያላችሁ። ባይኖርም ብዙ አትጨነቁ። አብዛኛው ነገር ሥዕል ነው፣ እናንተ ደግሞ በአፋችሁ ታስረዳላችሁ።

ለኛ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ሌላ ነገር ነው። ኤችቲኤምኤል የሆኑት (በብራውዘር የሚከፈቱት) ሲሙሌሽኖች ማውረጃ ቀስት አላቸው። ስትጫኑት አንድ ፋይል ይወርዳል፤ ጥቂት ሜጋባይት ነው፣ ከአንድ አጭር ቪዲዮ አይበልጥም። ከዚያ በኋላ ያለ ኢንተርኔት በክሮም ወይም በፋየርፎክስ ይከፈታል። በፍላሽ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ፣ ለጓደኛችሁ በቴሌግራም ትልኩታላችሁ። ኔትወርክ ጠፋ ብሎ ማዘን ቀረ። (መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ እመለስበታለሁ፤ እሱን ሳይነካ አገር ውስጥ ስለ ቴክኖሎጂ መጻፍ አይቻልም።)

እስቲ አንድ ክፍለ ጊዜ አብረን እንግባ

የ10ኛ ክፍል ፊዚክስ እንበል፣ ርዕሱ ኤሌክትሪክ፣ ተማሪው 60፣ ላፕቶፑ አንድ፣ ፕሮጀክተሩ አንድ፣ ሰዓቱ 40 ደቂቃ። ፌት ላይ "ሰርኪት ኮንስትራክሽን ኪት፡ ዲሲ" የሚባለውን አውርዳችኋል። ሽቦ፣ ባትሪ፣ አምፖል፣ ማብሪያ ማጥፊያ እየጎተታችሁ የምትገጣጥሙበት ባዶ ሰሌዳ ነው።

ከክፍል ከመግባታችሁ በፊት ሁለት ነገር አጥፉ፦ ከረንቱን የሚያሳየውን ምልክትና ቁጥሮቹን። ሲከፈት ከረንቱ እንደበራ ነው የሚመጣው፣ ኤሌክትሮኖቹ ሰማያዊ ሆነው ሽቦው ውስጥ ሲሄዱ ይታያሉ። ደስ ይላል። ግን መልሱን አስቀድሞ ይናገርባችኋል።

አንድ ባትሪና አንድ አምፖል አገናኙ። በራ። እሺ። አሁን አምፖሉን ሳትነኩ እንዲህ ጠይቁ፦ "ልጆች፣ ሁለተኛ አምፖል በሲሪስ (ከመጀመሪያው ቀጥሎ በዚያው መስመር) ብጨምር የትኛው ይደምቃል? ሀ. ለባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ የቀረበው፣ ለ. የራቀው፣ ሐ. ሁለቱም እኩል። ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። ለምን እንደሆነም አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩ።"

ሁለት ደቂቃ ስጡ። ዝምታው ይከብዳችኋል፤ መምህር ዝም ማለት አልለመደም፣ አንድ ሰው መልሱን እስኪጮህ ድረስ ይቁነጠነጣል። ቻሉት። ከዚያ እጅ አስወጡ። ብዙ ልጆች "ሀ" እንደሚሉ ታያላችሁ፣ ምክንያታቸውም ያው ነው፦ ከረንቱ መጀመሪያ እሱ ጋ ይደርሳል፣ ግማሹን ይበላዋል፣ ለሁለተኛው የተረፈውን ይሰጣል። ይህ ስህተት ሞኝነት አይደለም። ኤሌክትሪክን እንደሚያልቅ ነገር ማሰብ በጣም ተፈጥሯዊ ነው፣ በየወሩ ካርድ የምንሞላለት ቆጣሪም ይሄንኑ ነው የሚያስተምረን።

አሁንም አትጫኑ። "ከጎናችሁ ያለው የተለየ መልስ ካለው አሳምኑት" በሏቸው። የሃርቫርዱ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ኤሪክ ማዙር ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተማሪዎቹን የሚያስተምረው በዚህ ዓይነት ነው። ጥያቄ ይሰጣል፣ ለየብቻ ያስመልሳል፣ ትክክል የመለሱት ከ30 እስከ 70 በመቶ ባለው መካከል ከሆኑ እርስ በእርስ ያከራክራቸዋል፣ ከዚያ እንደገና ያስመልሳል። ከዚያ በታች ከሆነ ገና ስላልገባቸው እናንተ ማስረዳት አለባችሁ፤ በላይ ከሆነ ደግሞ ጊዜ አታባክኑ፣ ወደ ቀጣዩ እለፉ። ማዙር ይሄን ለመጀመር ሲሙሌሽን እንኳን አላስፈለገውም። እኛ ግን የክርክሩን ዳኛ ስክሪን ላይ አቁመናል።

ክፍሉ ሲሞቅና የሁለተኛው ረድፍ ልጅ የሦስተኛውን ረድፍ ልጅ በእንግሊዝኛም በአማርኛም ሲሞግት፣ ያኔ ጨምሩት። ሁለቱም እኩል ደበዘዙ። ክፍሉ ይንጫጫል፤ "ቲቸር ሲስተሙ ተበላሽቷል" የሚልም አይጠፋም። አሁን ነው ከረንቱንና ቁጥሮቹን የምታበሩት። ባትሪው 9 ቮልት ነው፣ አምፖሉ 10 ኦም። አምፒር መለኪያውን ከመጀመሪያው አምፖል በፊት ግጠሙት፤ 0.45 አምፒር። በሁለቱ መካከል ግጠሙት፤ 0.45። ከሁለተኛው በኋላም ያው 0.45። የተበላ ከረንት የለም! አንድ አምፖል ብቻ በነበረበት ጊዜ 0.9 እንደነበር ደግሞ ለብቻው አሳዩዋቸው፣ ከዚያ ለምን ግማሽ እንደሆነ እነሱ ይንገሯችሁ፤ የኦምን ሕግ ሰሌዳ ላይ ገልብጠው ሳይሆን ፈልገውት ሲያወጡት ታያላችሁ።

ጎበዞቹን የምታፋጥጡበት ተጨማሪ ጥያቄ፦ "ከረንቱ ግማሽ ከሆነ የአንዱ አምፖል ኃይልስ?" ግማሽ የሚሉ ይኖራሉ። ሩብ ነው፤ ከ8.1 ዋት ወደ 2 ዋት ገደማ ይወርዳል፣ ምክንያቱም ቮልቴጁም ከረንቱም አብረው ወደ ግማሽ ወርደዋል። ከዚያ ፓራለሉን (እያንዳንዱ አምፖል በየራሱ መስመር ከባትሪው ሲገናኝ) በዚሁ መንገድ አስገምቱ። ሁለቱም እንደመጀመሪያው ደምቀው ሲበሩ የቤታቸው አምፖሎች በምን መንገድ እንደተገናኙ ማስረዳት አያስፈልጋችሁም፣ ራሳቸው ይሉታል።

ሰዓቱ እዚህ ያልቃል። አንድ ክፍለ ጊዜ፣ ሁለት ጥያቄ። ሲሙሌሽኑ ውስጥ ያለውን ሁሉ አላሳየሁም ብላችሁ አትቆጩ።

ድምፅ አሰባሰብ

እጅ ማስወጣት ችግር አለው፤ ልጁ ቀና ብሎ የክፍሉን አንደኛ ያይና የሱን መልስ ያወጣል። ለዚህ ፕሊከርስ ግሩም መላ ነው። ተማሪው ስልክ አያስፈልገውም፣ ስልክ ለከለከለ ትምህርት ቤት ሁነኛ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ ቁጥር ያለው ካርድ በወረቀት ታትሞ ይሰጠዋል። ካርዱ ላይ አራት ማዕዘን የሆነ ጥቁር ምልክት አለ፣ አራቱ ጎኖች ኤ፣ ቢ፣ ሲ እና ዲ ናቸው፤ ልጁ የመረጠውን ፊደል ወደ ላይ አዙሮ ያነሳል። እናንተ በስልካችሁ ካሜራ ክፍሉን አንዴ ስትቃኙት ማን ምን እንደመለሰ ይመዘግባል። የየካርዱ ምልክት ይለያያል፣ ፊደሎቹም ደቃቅ ናቸው፤ ጎረቤት አይቶ መኮረጅ አይመችም።

ካርዱ በአንድ ስብስብ 40 ነው፣ ለትልቅ ክፍል 63 ያለው ስብስብም አለ። ወፍራም ወረቀት ላይ አሳትሙት። ግን በሚያብለጨልጭ ፕላስቲክ አታስለብጡት፤ ብርሃን ሲመታው ካሜራው አያነበውም። ልጆቹ ጣታቸውን ምልክቱ ላይ እንዳይጭኑም ንገሯቸው። የእናንተ ስልክ ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ ለዚህ ዳታ መያዝ ነው። ዳታ ከሌለስ? ዓይን አስጨፍኑና በጣት አስመልሱ፤ አንድ ጣት ሀ፣ ሁለት ጣት ለ፣ እጅ ደረት ላይ ተጠግቶ። ነፃ ነው፣ ቻርጅም አይፈልግም።

ካሁትን ለምን አላነሳህም የሚል ይኖራል። በስልክ የሚመለስ የጥያቄ ጨዋታ ነው፣ የኖርዌይ ሥራ፤ ልጆች ያብዱለታል፣ ለክለሳ ጊዜ ጥሩ ነው። ነገር ግን ነጥብ የሚሰጠው በመልስ ፍጥነት ስለሆነ፣ ኔትወርክ በሚንቀራፈፍበት ክፍል ውስጥ የሚለካው የልጁን እውቀት ሳይሆን የስልኩን ዋጋ ነው። ከተጠቀማችሁበት ሰዓቱን አርዝሙት፣ ነጥቡንም ማጥፋት ይቻላል። ነፃው አካውንት ስንት ተጫዋች እንደሚቀበልም አስቀድማችሁ እዩ፤ 60 ልጅ አሰልፎ "ቲቸር እኔን አላስገባም" መስማት ደስ አይልም።

ሒሳብ መምህራን፣ ወደ እናንተ

ጂኦጀብራን ማርኩስ ሆሄንቫርተር የሚባል ኦስትሪያዊ ነው እ.ኤ.አ. በ2001 ሳልዝበርግ ዩኒቨርሲቲ ሳለ የጀመረው። ስልክ ላይም ይጫናል፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ግራፍ መሳል ብቻ ከሆነ የምታሠሩት ግን ቾክ ይበቃችሁ ነበር።

ይቺን ሞክሩ። የኳድራቲክ ፈንክሽንን አጠቃላይ ቀመር አስገቡ፦ ዋይ እኩል ኤ ኤክስ ስኩዌር ሲደመር ቢ ኤክስ ሲደመር ሲ። በፊደሎቹ መካከል ክፍት ቦታ ወይም የማባዣ ምልክት መኖሩን አረጋግጡ፣ አለበለዚያ ሁለቱን ፊደል እንደ አንድ ስም ሊያነበው ይችላል። ጂኦጀብራ ለኤ፣ ለቢ እና ለሲ ተንሸራታች ያወጣል። ኤ ሲንቀሳቀስ ፓራቦላው ይሰፋል፣ ይጠባል፣ ይገለበጣል፤ ሲ ወደ ላይና ወደ ታች ይወስደዋል። እነዚህን ሁሉም ይገምታል፣ ቶሎ እለፏቸው።

ቢ ላይ ቁሙ። "ኤ 1፣ ሲ 0 ነው። ቢን ከዜሮ ተነስቼ ብጨምር ግራፉ ወዴት ይሄዳል?" ወደ ቀኝ የሚል ይበዛል፣ ስለጨመረ። ወደ ላይ የሚልም አለ። አስጽፉ፣ አከራክሩ፣ ከዚያ ተንሸራታቹን ቀስ ብላችሁ ግፉት። ወደ ግራና ወደ ታች ይሄዳል። ቀጥ ብሎም አይሄድም፤ መንገዱ ይታጠፋል። አሁን የፓራቦላውን ጫፍ እንደ ነጥብ አስገቡና ዱካውን እንዲያሳይ አድርጉ። ቢን ከግራ ወደ ቀኝ ስትጎትቱት ነጥቡ ራሱ ሌላ የተገለበጠ ፓራቦላ ይስላል፦ ዋይ እኩል ኔጋቲቭ ኤክስ ስኩዌር። የጫፉን ቀመር በቃሉ የሸመደደ ልጅ እንኳ ይህን አይጠብቅም። "ለምን?" ብላችሁ ለቤት ሥራ ላኩት። ማረጋገጫው ሁለት መስመር ነው፣ ግን እነዚያን ሁለት መስመሮች ፈልጎ የሚሠራቸው ልጅ አሁን ይኖራል።

ኮምፒውተር ክፍል ስታገኙ

አይሲቲ ክፍሉ ሲለቀቅላችሁ፣ ለሦስት ተማሪ አንድ ኮምፒውተር ከተገኘ ይበቃል፤ እንዲያውም አንድ ለአንድ ከመሆን ሦስት ቢሆኑ ይሻላል፣ ስለሚነጋገሩ። አንድ ደንብ አውጡ፦ አይጡን የያዘው በራሱ ፍላጎት አይንቀሳቀስም፣ ሁለቱ የሚሉትን ብቻ ያደርጋል። በየአሥር ደቂቃው ይቀያየሩ። ይህ ካልሆነ ኮምፒውተር የለመደው ልጅ ይዞት ይቀራል፣ ሁለቱ ተመልካች ይሆናሉ። ሴት ተማሪዎች አይጡ ደርሷቸው እንደሆነ ዞር ዞር እያላችሁ እዩ፤ ብዙ ጊዜ አይደርሳቸውም። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በኦንላይን መሰጠቱን አትርሱ። አይጥ መያዝ ራሱ የፈተና ዝግጅት ሆኗል።

የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ለጨዋታ ልቀቁላቸው። ምንም መመሪያ አትስጡ። ሰርኪቱን ሾርት አድርገው ባትሪውን በእሳት ያነዱታል፣ ይስቃሉ፣ ጓደኛቸውን ይጠራሉ። ያንድዱት። ካልለቀቃችሁላቸው እናንተ ስታስረዱ በድብቅ ያነዱታል። እንዲያውም "ለምን ነደደ?" ጥሩ የመጀመሪያ ጥያቄ ናት።

ከዚያ አንድ ወረቀት አድሉ፣ ሦስት ዓምድ ብቻ ያለው፦ ግምቴ፣ ያየሁት፣ ምክንያቱ። "መጀመሪያ ይህን ተጫን፣ ቀጥሎ ያን ጎትት" የሚል ረጅም መመሪያ አትጻፉ፤ ልጁ መመሪያውን እያነበበ ፊዚክሱን ይረሳዋል። ግምቱ ስህተት በመሆኑ ነጥብ እንደማይቀነስበት አስረግጣችሁ ንገሩት። አለበለዚያ መጀመሪያ አይቶ ግምቱን በኋላ ይሞላል። የኛን ልጆች እናውቃቸዋለን።

ኔትወርክ፣ መብራት፣ ወዘተ

ከአንድ ቀን በፊት ክፍሉ ውስጥ፣ በዚያው ፕሮጀክተር፣ ፋይሉን ከፍታችሁ ሞክሩ። ቤት የሠራ ነገር ትምህርት ቤት ላይሠራ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያረጀ ብራውዘር ነው፣ ስለዚህ አዲስ ክሮም መጫኛ በዚያው ፍላሽ ላይ ያዙ። ኢንተርኔት ሳይነካው ሙሉ ክፍል በየስልኩና በየኮምፒውተሩ እንዲጠቀም ከፈለጋችሁ ደግሞ ኮሊብሪ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። አንድ ላፕቶፕ ላይ ይጫናል፣ የካን አካዳሚ ቪዲዮዎችንና የፌት ሲሙሌሽኖችን አንዴ ኢንተርኔት ባለበት ታወርዱበታላችሁ፣ ከዚያ ተራ ዋይፋይ ራውተር ካገናኛችሁ ያለ ኢንተርኔት ለክፍሉ ያሠራጫል። ለማዘጋጀት ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ የአይሲቲ መምህሩን ቡና ጋብዙና አብራችሁ ሥሩት።

መብራት ከጠፋ? ላፕቶፑ ባትሪ አለው፣ ፕሮጀክተሩ የለውም። ለዚህ ነው ጥያቄዎቹን ወረቀት ላይ፣ የሲሙሌሽኑን ሁለት ሦስት ስክሪንሾት ደግሞ በትልቁ አትማችሁ መያዝ ያለባችሁ። ግምቱና ክርክሩ በቾክ ይካሄዳል፣ ውጤቱን ስክሪንሾቱ ወይም የሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ያሳያል። መልሱን ሳያዩ ማደራቸው አይጎዳቸውም፤ በማግስቱ ገና ስትገቡ "ቲቸር የትኛው ነው?" ይሏችኋል።

ሲሙሌሽኑን ግን ሙሉ በሙሉ አትመኑት

ሰሌዳው ላይ ያለው ባትሪ፣ ካልቀየራችሁት በቀር፣ ውስጣዊ ሬዚስታንስ (በራሱ ውስጥ ከረንቱን የሚገታ ነገር) የለውም፣ አምፖሉም ቢሞቅ ባይሞቅ ያው 10 ኦም ነው። የሱቁ ባትሪ እንደዚያ አይደለም። ሁለት የባትሪ ድንጋይ፣ ሁለት የእጅ ባትሪ አምፖልና ትንሽ ሽቦ ካገኛችሁ፣ ከሲሙሌሽኑ በኋላ ያንኑ ፓራለል ሰርኪት በእጃቸው ያገናኙት። ሁለተኛው አምፖል ሲጨመር የመጀመሪያው በትንሹ ሊደበዝዝ ይችላል፣ በተለይ ድንጋዩ የከረመ ከሆነ። "ስክሪኑ ላይ እንደዚህ አልነበረም" ይላሉ። ልክ ናቸው፣ እና የውስጣዊ ሬዚስታንስ ትምህርት መግቢያ ይኸው በእጃችሁ ገባ። እውነተኛ ዕቃ እያለ ደግሞ ስክሪን አታስቀድሙ፤ ፔንዱለም በክርና በድንጋይ ይሠራል፣ ሲሙሌሽኑ የሚያስፈልገው ያንን ድንጋይ ጨረቃ ላይ መወዝወዝ ሲያምራችሁ ነው። አቶም፣ ኤሌክትሮን፣ የጋዝ ሞለኪውል፣ የፕላኔቶች ዑደት፦ በዓይን የማይታየውንና በእጅ የማይጨበጠውን ለስክሪኑ ተዉለት።

ለመጀመር አንድ ምዕራፍ ብቻ ምረጡ፣ በሚቀጥለው ሳምንት የምታስተምሩትን። ልጆች ዘወትር የሚሳሳቱበትን አንድ ጥያቄ ካለፈው ፈተና ወረቀት አውጡ፣ ለእሱ የሚሆን ሲሙሌሽን ፈልጉ፣ አውርዱ። የተሳሳቱ ግምቶቻቸውን ስትሰበስቡ ወረቀቶቹን አትጣሉ፤ ለቀጣዩ ዓመት ፈተና የምርጫ ጥያቄዎቻችሁን የተሳሳቱ አማራጮች ከእነሱ ነው የምታወጡት። ፋይሎቹን በክፍልና በምዕራፍ ፎልደር ከፋፍላችሁ ለዲፓርትመንቱ ሰዎች በፍላሽ ገልብጡላቸው፣ ከእያንዳንዱ ፋይል ጎን ጥያቄዋን በአንድ መስመር ጽፋችሁ።